እርካብና ፔዳል

በባሌ ደጋ፤ በሮቤና በጎባ አገር፤ ፈረሰኛ ከመውደቁ ይልቅ እግሩ በእርካብ ተይዞ መጐተቱን ይፈራል። በአገራችን የቀድሞ ፈረሰኞች ብዙዎቹ አውራ ጣታቸውን ብቻ በእርካብ ያስገቡ ነበር፤ እንዲህ ያለው እግር ቶሎ ይለቃልና።

ብስክሌትም ጫማን ከፔዳል ጋራ የሚቈልፍ መሣሪያ አለው። ሉክ የተባለው የፈረንሳይ ፋብሪካ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1984 አወጣው፤ በርናር ኢኖም በ1985 ቱር ደ ፍራንስን በርሱ አሸነፈ። እግርን ለማስለቀቅ ተረከዝን ወደ ውጭ ማዞር ይገባል እንጂ ወደ ላይ መሳብ አይጠቅምም። ለማጅም ብዙ ጊዜ የሚወድቀው በሩጫ ሳይሆን ከብት መንገድ ሲዘጋበት፤ ሊቆም ሲል፤ በሰው ፊት ነው።

ወላጆች ሆይ፤ ልጃችሁ ከጎባ ወደ ሳነቴ አቀበት ሳይወጣ አስቀድሞ በሣር ላይ፤ ግድግዳ ይዞ፤ እግሩን ማውጣት ይልመድ። ቢወድቅም አትሣቁበት፤ ሣቅን የፈራ ልጅ ተደብቆ ብቻውን በገደል መንገድ ይለማመዳልና።