የምስጢር ቁጥርዎን ከመጠበቅዎ በፊት ሲም ካርድዎን ይቆልፉ

የመንግሥትና የባንክ አገልግሎቶች በኔትወርክ አማካኝነት መሰጠት ከጀመሩ ወዲህ፣ ተገልጋዩ በመስኮት ቀርቦ ማንነቱን ከማስረዳት ይልቅ በስልኩ ላይ ቁጥር በማስገባት እንዲያረጋግጥ ይጠየቃል። ከጮቄ ተራራ ሥር ካሉ ቀበሌዎች ለአንድ ጉዳይ ወደ ደብረ ማርቆስ ለሚመላለስ ነዋሪ ይህ አሠራር የሙሉ ቀን መንገድ ሊያስቀርለት ይችላል። በአንጻሩ ማረጋገጫው በሌላ ሰው እጅ ከገባ ገንዘቡም ሆነ ጉዳዩ ከባለቤቱ ፈቃድ ውጭ ሊፈጸም ይችላል። ይህ ማብራሪያ ተገልጋዮች በማናቸውም ዓይነት ስልክ፣ ስማርት ስልክ ባይሆንም እንኳ፣ አጫጭር የስልክ ትእዛዞችን በመጻፍ ማረጋገጫዎቻቸውን በምን ቅደም ተከተል ማስተካከል እንዳለባቸው ያስረዳል።

ማንነት የሚረጋገጥባቸው ሦስት መንገዶች

የመጀመሪያው ተገልጋዩ ብቻ የሚያውቀው ነገር ሲሆን፣ የምስጢር ቁጥር በዚህ ውስጥ ይካተታል። ሁለተኛው በእጁ የሚገኝ ነገር ነው፤ በአጭር መልእክት የሚደርሰው የአንድ ጊዜ የማረጋገጫ ቁጥር የሚሠራው ሲም ካርዱ በተገልጋዩ እጅ ነው ተብሎ ስለሚታመን ነው። ሦስተኛው የአካል መለያ ነው። በዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 መሠረት በሚሰጠው የፋይዳ መታወቂያ ምዝገባ የ10 ጣቶች አሻራ፣ የሁለቱ ዓይኖች አይሪስና የፊት ፎቶግራፍ ተወስዶ ለተመዝጋቢው ባለ 12 አኃዝ ልዩ ቁጥር ይሰጠዋል። አገልግሎት ሰጪው ተቋም ይህን ቁጥር ተቀብሎ ባለቤቱን በአሻራ ወይም በተመዘገበው ስልክ ላይ በሚላክ የአንድ ጊዜ ቁጥር ሊያረጋግጥ ይችላል።

ከሦስቱ በብዙ ተገልጋዮች ዘንድ ሳይጠበቅ የሚቀረው ሁለተኛው ነው። የአንድ ጊዜ ቁጥሩ የሚላከው ለሰውየው ሳይሆን ለሲም ካርዱ መሆኑን መገንዘብ ያስፈልጋል። ስልክዎ በገበያ ወይም በመናኸሪያ ቢጠፋ፣ ስልኩ በይለፍ ቃል የተቆለፈ ቢሆንም እንኳ ያገኘው ሰው ሲም ካርዱን አውጥቶ በሌላ ስልክ ላይ ሊያስገባው ይችላል። ሲም ካርዱ ራሱ ካልተቆለፈ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ለእርስዎ የሚላኩ የማረጋገጫ ቁጥሮች ሁሉ ለእርሱ ይደርሱታል። ስለሆነም የሚከተሉት ተግባራት በቅደም ተከተላቸው እንዲፈጸሙ ይመከራል።

አንደኛ፦ የሲም ካርዱን መቆለፊያ ማስተካከል

ማናቸውም ሲም ካርድ የራሱ የምስጢር ቁጥር አለው። ቁጥሩ ሥራ ላይ ሲውል ስልኩ በተከፈተ ቁጥር ወይም ሲም ካርዱ ወደ ሌላ ስልክ በተዛወረ ቁጥር ይጠየቃል፤ ካልተሰጠም መስመሩ አይሠራም። መቆለፊያው የሚበራው በስልኩ የደኅንነት ማስተካከያ ውስጥ ነው። ለዚህም መስመሩን ሲያወጡ ሲም ካርዱ ተገንጥሎ በወጣበት ፕላስቲክ ወይም አብሮት በተሰጠው ወረቀት ላይ ያለውን የመነሻ ቁጥር ይጠቀሙ።

መቆለፊያው ከበራ በኋላ የመነሻ ቁጥሩን በራስዎ ቁጥር ለመተካት፣ ለመደወል ቁጥር በሚጽፉበት ቦታ ላይ የሚከተለውን ትእዛዝ ይጻፉ፦

**04*የቀድሞው ቁጥር*አዲሱ ቁጥር*አዲሱ ቁጥር#

አዲሱ ቁጥር ሁለት ጊዜ የሚጻፈው ስሕተት እንዳይኖር ነው። የመጨረሻውን መሰላል ሲጫኑ ስልኩ ትእዛዙን ወዲያውኑ ይፈጽማል። ካልፈጸመ የመደወያውን ቁልፍ ይጫኑ። ትእዛዙ በስልኩና በሲም ካርዱ መካከል የሚፈጸም በመሆኑ ኔትወርክ በሌለበት ቦታም ይሠራል፤ ሒሳብም አይቆርጥም።

በዚህ ረገድ ጥንቃቄ የሚሻው ጉዳይ የሙከራው ብዛት ነው። ቁጥሩን 3 ጊዜ ከተሳሳቱ ሲም ካርዱ ይዘጋል፤ የሚከፈተውም ፑክ በተባለው ባለ 8 አኃዝ ቁጥር ብቻ ነው። ፑክን 10 ጊዜ መሳሳት ደግሞ ሲም ካርዱን ለዘለቄታው ከጥቅም ውጭ ያደርገዋል። ስለዚህ የመነሻ ቁጥሩን የማያውቁ ተገልጋዮች በግምት ከመሞከር ተቆጥበው የመስመሩን ድርጅት መጠየቅ ይኖርባቸዋል። የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኞች በ994 ደውለው ወይም በአቅራቢያቸው ባለው የአገልግሎት ማዕከል በአካል ቀርበው መረዳት ይችላሉ። ፑክ የተጻፈበትን ወረቀትም ከስልኩ ጋር ሳይሆን በቤት ውስጥ ያስቀምጡ።

ሁለተኛ፦ የአገልግሎቱን የምስጢር ቁጥር ማስተካከል

ከ2013 ዓ.ም. ግንቦት ወር ጀምሮ አገልግሎት ላይ የዋለውን ቴሌብርን በ*127#፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሞባይል ባንኪንግን ደግሞ በ*889# በመደወል መጠቀም ይቻላል። እነዚህ ትእዛዞች ከቀደመው የሚለዩት ከስልኩ አልፈው ወደ ድርጅቱ ሥርዓት በመድረሳቸው ነው። የሞባይል ኔትወርክ ያስፈልጋቸዋል፤ ኢንተርኔት ግን አያስፈልጋቸውም። ስልኩ ላይ ዝርዝር ሲመጣ የመረጡትን ተራ ቁጥር በማስገባት ወደ ምስጢር ቁጥር መቀየሪያው መድረስ ይቻላል። ዘግይተው ከመለሱ ግንኙነቱ ስለሚቋረጥ ከመጀመርዎ በፊት አዲሱን ቁጥር ይወስኑ።

አዲሱ ቁጥር የትውልድ ዓመት መሆን የለበትም። ባለ 4 አኃዝ ቁጥር 10,000 የተለያዩ አማራጮች አሉት። ባለቤቱ የትውልድ ዓመቱን መርጦ እንደሆነ ግን የገማቹ ሥራ ከ100 ወደማይበልጡ አማራጮች ይወርዳል፤ የሚያውቀው ሰው ከሆነማ አንድ ሙከራ ይበቃዋል። የሲም ካርዱና የገንዘብ አገልግሎቱ ቁጥሮችም የተለያዩ ይሁኑ። የምስጢር ቁጥሩን ሥርዓቱ ሲጠይቅ ብቻ ያስገቡ፤ ቁጥሩን ማስታወስ የሚቸገሩ አረጋውያንም በስልኩ ሽፋን ውስጥ ጽፈው ከማስቀመጥ ይልቅ በቤታቸው በሚያምኑበት ስፍራ እንዲያኖሩት ይመከራል።

ሦስተኛ፦ በፋይዳ ላይ የተመዘገበው ስልክ የማን እንደሆነ ማረጋገጥ

በገጠር ቀበሌዎች አንድ ስልክ ለቤተሰብ ሁሉ ማገልገሉ የተለመደ ነው። በምዝገባ ወቅት የልጅን ወይም የጎረቤትን ስልክ ያስመዘገበ ሰው ግን የአንድ ጊዜ ቁጥሩ የሚላከው ወደዚያ ስልክ ነው። ልጁ ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ባሕር ዳር ከሄደ፣ ወላጅ በደብረ ማርቆስ ባንክ ቆሞ ማረጋገጫውን በስልክ ሊጠይቅ ይገደዳል። ቁጥርን በስልክ የመነጋገር ልማድ የሚጀምረው እንዲህ ባለው ቅን ምክንያት ሲሆን፣ አታላዮችም የሚጠቀሙት ይህንኑ ልማድ ነው። በመሆኑም የራስዎ መስመር ካለዎት በስምዎ መመዝገቡን ያረጋግጡ፤ በፋይዳ ላይ ያለው ስልክ የሌላ ሰው ከሆነም በምዝገባ ጣቢያ ቀርበው እንዲስተካከል ያድርጉ። የራሳቸው ስልክ የሌላቸው ተገልጋዮች፣ ተቋሙ የአሻራ ማንበቢያ መሣሪያ ካለው በአሻራቸው እንዲረጋገጥላቸው መጠየቅ ይችላሉ።

ስልክ ቢጠፋ ወይም የማይታወቅ ሰው ቢደውል

ስልክዎ ከጠፋ በቅድሚያ በሌላ ስልክ ለመስመሩ ድርጅት ደውለው መስመሩን ያዘጉ፤ ቀጥሎ ለባንክዎ ያሳውቁ፤ ከዚያም መታወቂያዎን ይዘው ምትክ ሲም ካርድ ያውጡ። መስመሩ ከተዘጋ በጠፋው ሲም ካርድ ላይ አዲስ የማረጋገጫ ቁጥር ስለማይደርስ፣ ይህ ከሁሉ መቅደም ይኖርበታል።

የማይታወቅ ሰው «ከባንክ ነው»፣ «ሽልማት ደርሶዎታል» ወይም «መታወቂያዎ ሊታገድ ነው» ብሎ ደውሎ በመልእክት የደረሰዎትን ቁጥር እንዲያነቡለት ቢጠይቅ ስልኩን ይዝጉ። ቁጥሩ የሚጠየቀው እርስዎ ራስዎ በጀመሩት አገልግሎት ላይ ነው፤ ሳይጠይቁ የደረሰዎት ቁጥር አንድ ሰው በስምዎ ሊገባ እየሞከረ መሆኑን ሊያመለክት ይችላል። ያለ ፈቃድ ወደ ሌላ ሰው ሥርዓት መግባትም ሆነ በዚህ መንገድ ማታለል በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስቀጣ ድርጊት በመሆኑ፣ ጉዳት የደረሰበት ተገልጋይ የመጣለትን መልእክት ሳያጠፋ በአቅራቢያው ላለው ፖሊስ ማመልከት ይችላል።

ከላይ የተዘረዘሩትን ተግባራት ለመፈጸም አዲስ ስልክ መግዛትም ሆነ ለደላላ መክፈል አያስፈልግም። ማንበብ የሚችሉ የቤተሰብ አባላት ወላጆቻቸውንና ጎረቤቶቻቸውን በትእዛዞቹ አጻጻፍ እንዲያግዙ፣ የምስጢር ቁጥሩን ግን ባለቤቱ ራሱ መርጦ ራሱ እንዲያስገባ እንዲተዉለት በአክብሮት እናሳስባለን።