ምግብ ቤትን በዓርብ መመዘን

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ምግብ ቤት ደህና መሆን አለመሆኑን ማወቅ የፈለገ ሰው በዓርብ ይሂድ። ቅዳሜማ ሥጋው ብዙ ጉድ ይሸፍናል፤ ጥብሱ በቅቤና በጥብስ ቅጠል ሽታ ገና ከበሩ ደንበኛ ይጠራል። ዓርብ ግን ሥጋና ቅቤ የለም፣ እንቁላልና አይብም የለም። የሚቀረው ሽንኩርት፣ ዘይት፣ በርበሬ፣ ሽሮና የባለሙያዋ እጅ ነው። ከተማዋ በምግብ ቤት ተጥለቅልቃለች፤ ስለ ምግብ ቤት የሚያወራውም በዝቷል። ሚዛን የያዘው ግን ጥቂት ነው።

ከፍሎ ውጭ መብላት ለአዲስ አበባ እንግዳ ነገር አይደለም። እቴጌ ጣይቱ በ1890ዎቹ መጨረሻ ባቋቋሙት ሆቴል ነገሩ ተጀመረ። ጣሊያኖቹ ደግሞ ፓስታና ላዛኛን ትተው ሄዱ፤ ዛሬ ፓስታ በስጎ የሌለበት ሜኑ ማግኘት ይከብዳል። በ2010 ዓ.ም. ፒዛ ኸት ሲገባ የዓለም አቀፍ ስሞች በር ተከፈተ። ከተማዋን በየቀኑ የሚያበላት ግን ሌላ ነው፦ ሽሮ ቤቱ፣ ጁስ ቤቱ፣ በርገር ቤቱ፣ ክትፎ ቤቱ፣ ከኮንዶሚኒየም ሥር ጨጨብሳና ፉል የሚሸጠው ቁርስ ቤት።

እነዚህን ማን ይመዝናቸው? በ2007 ዓ.ም. የያኔው ባህልና ቱሪዝም ሚኒስቴር ከተባበሩት መንግሥታት የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ጋር ሆኖ ኮከብ ሲሰጥ የመዘነው ሆቴሎችን ነበር። የጤና ተቆጣጣሪ ወደ ሰፈር ምግብ ቤት ቢመጣም የሚያየው ንጽሕና ነው፤ ወጡ ጣፈጠ አልጣፈጠ አያገባውም። ክፍተቱን የሞሉት የቲክቶክና የዩቲዩብ ልጆች ናቸው። ውለታቸው መካድ የለበትም፤ ማንም የማያውቀውን የጓሮ ቤት በአንድ ቪዲዮ ሰው የሚሰለፍበት አድርገውታል። ችግሩ፣ ባለቤቱ ጋብዞ፣ አንዳንዴም ከፍሎ ያስቀረጸው ነገር አስተያየት እየተባለ መቅረቡ ነው። ሌላው ችግር ካሜራ የፍስክ ወዳጅ መሆኑ ነው። የሚሳበው አይብና የሚቆረጠው ዛላ ሥጋ ያምርበታል፤ የጾም በያይነት ግን ከላይ ሲታይ ሁሉም አንድ ነው።

ነገር ግን ጾሙን በአግባቡ የሚጾም ኦርቶዶክሳዊ ምእመን በዓመት ከ180 ቀን በላይ ይጾማል። ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው፤ ያን ጊዜ ብዙ ሥጋ ቤት ይዘጋል፣ ክትፎ ቤቱም ሠራተኛውን ፈቃድ ያስወጣል። እናም አንድ የከተማችን ምግብ ቤት በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ወጥ ቤት አለው፦ የጾምና የፍስክ። አንዱን ብቻ ቀምሶ መፍረድ ግማሹን ቤት አለማየት ነው። በተቃራኒው ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብም አይጾምም፤ ያን ጊዜ የሚመዝን ሰው የጾሙን ወጥ ቤት ላያገኘው ይችላል። የክርስቲያን ነው ወይስ የሙስሊም ምግብ ቤት የሚለውንም ገምጋሚው መጥቀስ አለበት፤ ሥጋ ለሚበላ ሰው ከጣዕሙ በፊት የሚመጣ ጥያቄ ነው።

ለመመዘኛ አንድ ምግብ ምረጥ ብባል ሽሮን እመርጣለሁ። በየቤቱ ስላለ ለማነጻጸር ይመቻል፣ ለማጭበርበርም አይመችም። ድስቱ እየተንተከተከ መምጣቱ ምንም አይናገርም፤ እሳት ላይ የቆየ ሸክላ ሁሉ ይንተከተካል። መጀመሪያ ሽታው ነው፤ ጥሬ ጥሬ ካለ ዱቄቱ ሳይበስል ተቻኩሎ ወጥቷል። ቀጥሎ ቁሌቱ ነው፤ ሽንኩርቱ ጥርስ ላይ ካንቋቋ ባለሙያዋ ጊዜ አላገኘችም፣ ወይም ለምሳ ሰዓት ሩጫ ተሸንፋለች። እንጀራውም ይታይ፦ ዓይኑ የወጣ ነው ወይስ የታወረ፣ ሲጠቀለል ይታጠፋል ወይስ ይሰባበራል? በያይነት ከሆነ ክኩ ከምስሩ፣ ጎመኑ ከቀይ ሥሩ በጣዕም መለየት አለበት። ሁሉም አንድ ዓይነት ከሆነ ከአንድ ቁሌት የተቀዳ ነው።

ከጣዕሙ ቀጥሎ ሒሳቡ ይመጣል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ሜኑ ላይ በዋጋው ላይ ዋጋ እየተለጠፈ፣ ወረቀቱ እንደ ድሪቶ ወፍሯል። አንዳንዱ ሜኑ ሥር በደቃቅ ፊደል «ቫትን አይጨምርም» ይላል፤ 15 በመቶው የሚታወሰው ሒሳብ ሲመጣ ነው። ስለዚህ ዋጋ ያልጠቀሰ ግምገማ፣ የጠቀሰም ቢሆን ቀኑን ያልጻፈ፣ አንባቢን ኪሱ ላይ ያሳስተዋል።

የሰፈር ምግብ ቤት ቁም ነገር ያለው ጽሑፍ አይወጣውም የሚሉ አሉ። የሎስ አንጀለሱ ጆናታን ጎልድ ይህን አፍርሶታል። የመንገድ ዳር ታኮና የስደተኞችን ትንንሽ ቤቶች ደጋግሞ እየበላ ጻፈና እ.ኤ.አ. በ2007 የፑሊትዘር ሽልማትን አገኘ፤ ከምግብ ቤት ሐያሲዎች የመጀመሪያው ነበር። በዚያችው ከተማ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ ትንሿ ኢትዮጵያ በሚባለው ሰፈር የሚገኘውን የገነት አጎናፍርን ቤትም ከከተማዋ ምርጦች ተርታ አሰልፎታል። የእኛን ዶሮ ወጥ በዚያ ክብር የሚጽፍለት ሰው ሎስ አንጀለስ ካገኘ አዲስ አበባ የምታጣበት ምክንያት የለም።

እዚህ ደግሞ ሥራው ከማጣጣም ያልፋል። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ ከቤቶቹ ጋር ምግብ ቤቶችም ተነሡ። ገሚሱ ራቅ ያለ ሰፈር ገብቶ ከአዲስ ደንበኛ ጋር ሀ ብሎ ጀምሯል። ወጥ ሠሪዋ ያቺው፣ ድስቱም ያው ነው፤ ያጣችው አድራሻዋን የሚያውቅ በላተኛ ነው። አዲስ የተከፈተውን ሲያደንቅ የሚውል ገምጋሚ አንድ ሳምንት ወጪ አድርጎ የተነሡት የት እንደገቡ፣ ምን እንደሚሸጡ፣ በስንት እንደሚሸጡ ቢጽፍ፣ በላተኛውም ባለሙያዋም ያተርፋሉ።