መለየትና መፋታት

ከሉማሜ ተነሥቶ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ የወረደ ባል ዓመት ሙሉ ሳይመለስ የቀረ እንደ ሆነ፣ ጎረቤት «ተለያይተዋል» ይላል፤ ጥቂት ቆይቶም ሚስቲቱን «ፈት» ብሎ ይጠራታል። ማን ፈታት?

ለየ ማለት አራራቀ ማለት ነው፤ ጥጃ ለአለባ ከእናቱ ቢለይ ልጅነቱ አይቀርም። ፈታ ግን የታሰረውን ቋጠሮ ለቀቀ ማለት ነው። ዳኛ የሚሰጠው ፍትሕም፣ ካህን ለሙታን የሚያደርሰው ፍትሐትም ከዚሁ ከግእዙ «ፈትሐ» የወጡ ናቸው፤ እንግዲያስ ፍቺ ሥልጣን ያለው ፈቺ የሚያሻው መሆኑን ስሙ ራሱ ይናገራል።

ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በመጀመሪያው መልእክት፣ በ7ኛው ምዕራፍ፣ ከባልዋ የተለየች ሴት ሌላ ሳታገባ እንድትኖር ወይም እንድትታረቅ ያዛል። መለየት የዕርቅን በር አይዘጋምና። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግም ባልና ሚስት ተለያይተው ለመኖር እንዲስማሙ ይፈቅዳል፤ ፍቺን የሚወስነው ግን ፍርድ ቤት ነው።

ስለዚህ ያች የሉማሜ ሴት፣ ሰው ምንም ቢላት፣ ዛሬም ባለትዳር ናት፤ አብረው ያፈሩት ሀብትም ገና አልተከፈለም። ባልየውም በመተማ ሌላ ጎጆ ልቀልስ ቢል፣ በሚስት ላይ ሚስት ማግባቱ ነው።