የባሕር አልጌ እንደ ውኃ ማጣሪያ

በጨዋማ ውኃ ገንዳ ውስጥ ዓሣ ስናረባ፣ ከምግቡ ጋር የገባው ናይትሮጅን ወዴት ይሄዳል? ከዓሣው የሚወጣውን አሞኒያ ባክቴሪያዎች ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትሬት እንደ አሞኒያ ፈጥኖ ባይገድልም፣ ከፎስፌት ጋር ሲከማች ኮራሎችን ይጎዳል።

የስሚዝሶኒያን ተመራማሪ የነበሩት ዋልተር አዲ እ.ኤ.አ. በ1982 በአልጌ ለሚሠራ ማጣሪያ የፈጠራ መብት አገኙ። ዛሬ ብዙ አርቢዎች ኬቶሞርፋ የተባለውን ክር መሰል አልጌ፣ የዋናው ገንዳ ውኃ በሚያልፍበት ተጓዳኝ ገንዳ ያሳድጋሉ፤ መብራቱንም ሌሊት ያበሩለታል። አልጌው ሲያድግ ናይትሬቱንና ፎስፌቱን ወደ አካሉ ያስገባል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድም ስለሚወስድ የውኃው ፒኤች ሌሊት እንዳይወርድ ይረዳል።

ይሁን እንጂ ቁስ አካል አይጠፋም። አልጌው እዚያው ከበሰበሰ የወሰደውን ሁሉ ይመልሳል። በውስጡ የያዘው ናይትሮጅን ከገንዳው የሚወጣው አልጌው ታጭዶ ሲወጣ ነው። ስለዚህ አርቢው መቀሱን አይርሳ።