ባጃጅ ስታንኳኳ

ሆሳዕና ላይ ባጃጅ የተሳፈረ ሰው በአንድ ጉዞ ሦስት ዓይነት መንገድ ያያል። ከቡታጅራ መጥቶ ወደ ሶዶ በሚዘልቀው አስፋልት ይነሳል፤ ወደ ሰፈር ሲታጠፍ ኮብልስቶን ይቀበለዋል፤ ኮብልስቶኑ ሲያልቅ በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ የሚሆነው የጠጠር መንገድ ይከተላል። አስፋልቱ ላይ ጨዋ የነበረችው አሮጌ ባጃጅ ኮብልስቶኑን ስትረግጥ ጉዷ ይወጣል፤ ከፊት ኳ ኳ፣ ከኋላ ሲጥ ሲጥ፣ ከመሃል ደግሞ ከየት እንደሚመጣ የማይታወቅ ቅጭልጭልታ። የብዙ ሾፌር መፍትሔ ቴፑን ከፍ ማድረግ ነው።

ዱራሜም፣ አንጋጫም፣ ሾኔም ያው ነው። በሀዲያና በከምባታ ከተሞች ባጃጅ ታክሲም፣ የገበያ ዕቃ ጫኝም፣ አንዳንዴም አምቡላንስ ናት። ደቡብ አፍሪካ ወርዶ የሚሠራ ወንድም በላከው ገንዘብ ተገዝታ የቤተሰብ መተዳደሪያ የሆነችውም ጥቂት አይደለችም። እንዲህ ዓይነቷ ባጃጅ አንድ ቀን ጋራዥ ከዋለች የዚያ ቀን ገቢ የለም። ስለዚህ የምታሰማውን ድምፅ ለይቶ ማወቅ ለሾፌሩም ለባለንብረቱም የገንዘብ ጉዳይ ነው።

የተሽከርካሪዋ ሠሪ ዋና መሥሪያ ቤቱ ፑኔ የሚገኘው የህንዱ ባጃጅ አውቶ ይሁን እንጂ ዘሯ ጣሊያን ነው። ፒያጆ እ.ኤ.አ. በ1946 ቬስፓ ስኩተርን ለገበያ ካቀረበ በኋላ፣ በ1948 ከእሷ ተነስቶ አፔ የተባለችውን ባለሦስት እግር የዕቃ ማመላለሻ አወጣ። ንድፉን ያወጣው ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የአውሮፕላንና የሄሊኮፕተር መሐንዲስ ነበር። የፊት ጎማውን እንደ ሞተር ሳይክል በሁለት ክንድ መሃል ከመያዝ ይልቅ፣ እንደ አውሮፕላን እግር በአንድ ወገን ብቻ በሚይዝ ክንድ ሰቀለው። ባጃጅ አውቶ ከፒያጆ ባገኘው ፈቃድ ነበር ማምረት የጀመረው። ያ ባለአንድ ክንድ እግር ዛሬም ገበያ ዳር በቆመች ባጃጅ ላይ ይታያል፤ ጎንበስ ብሎ የፊት ጎማዋን ያየ ሰው በአንዱ ወገን ክንድ፣ በሌላው ወገን ባዶ ያገኛል።

ባጃጅ ብዙ የምታንኳኳበት ምክንያት ከቅለቷ ይጀምራል። ባዶዋን ከ400 ኪሎ ግራም በታች ናት። ሾፌሩና ሦስት ተሳፋሪዎች ሲወጡባት የራሷን ክብደት ከግማሽ በላይ ትሸከማለች፤ ከሾፌሩ ግራና ቀኝ ሁለት ሰው ሲታከል፣ ከኋላ ደግሞ የቆጮ ሸክም ወይም የድንች ጆንያ ሲጫን ከልኳ ታልፋለች። ስለዚህ ሞላዋ ባዶ ስትሆንም ስትሞላም እንዲሠራ ተፈርዶበታል፤ ባዶዋን ትነጥራለች፣ ስትሞላ ትቀመጣለች። በዚያ ላይ የጎማዋ ቸርኬ 8 ኢንች ብቻ ነው። የመኪና ጎማ ዘሎት የሚያልፈው የድንጋይ ክፍተት ውስጥ የባጃጅ ጎማ ይገባል። አካሏ ስስ ቆርቆሮ በመሆኑም ከሥር የተነሳች ትንሽ ድምፅ እላይ ስትደርስ ከበሮ ትሆናለች።

ከሥር ያለው ነገር ግን ውስብስብ አይደለም። ከፊት፣ ከእጀታው የሚወርደው የመሪ አምድ ከላይና ከታች በኩሽኔታ ተይዞ ይዞራል። ከአምዱ ጫፍ ጎማውን የያዘው ክንድ አለ፤ ክንዱ ላይ ሞላና አሞርዛተር አሉ፤ ፍሬን ሲያዝ አፍንጫዋ እንዳይደፋ የምታግዝ አጭር ማያያዣም አለች። ከኋላ ግራና ቀኝ ጎማዎች እያንዳንዳቸው በራሳቸው ክንድ ለየብቻ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። በአንዳንድ የቆዩ ሞዴሎች ከኋላ የሽቦ ሞላ ሳይሆን ወፍራም የጎማ ትራስ ነው ክብደቱን የሚሸከመው። ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ ጉልበቱ ወደ ጎማዎቹ የሚሄደው በሁለት አጫጭር ሴሚያሶች ነው።

የሞላና የአሞርዛተር ሥራ ለየቅል ነው። ሞላው ክብደቱን ተሸክሞ ምቱን ይቀበላል፤ ብቻውን ቢተው ግን መንጠሩን አያቆምም። አሞርዛተሩ ውስጡ ያለውን ዘይት በጠባብ ቀዳዳ እያሳለፈ ያንን ንጥረት ያበርደዋል። ብረት ከብረት በሚገናኝበት ቦታ ሁሉ ደግሞ ጎሚኒ የሚባሉት የጎማ ቀለበቶች አሉ፤ ሥራቸው በጉልበት አጥንቶች መካከል እንዳለው ልስልስ አጥንት ነው። ከአሮጌ ባጃጅ ድምፆች ብዙዎቹ የሚመጡት ከእነዚሁ ጎሚኒዎች ማለቅ ነው። ሞላው ግን ከመሰበር ወይም ከመድከም በቀር ብዙ ወሬ የለውም፤ አንዱ ሲሰበር ባጃጇ ወደዚያ ወገን ታዘነብላለች፤ ይህ ደግሞ ከጆሮ ይልቅ በዓይን ይታወቃል።

ፍተሻ የሚጀመረው መፍቻ ከማንሳት በፊት ነው። የመቀመጫው ሥር ይራገፋል፤ ክሪኩ፣ መፍቻዎቹ፣ የዘይት ጀሪካኑ ይወጣሉ፤ የስኮርታው ማሰሪያ ይጠብቃል፤ የመቀመጫው መቀርቀሪያና የሸራው ብረት በእጅ ይነቀነቃሉ። ከዚያ ያው ኮብልስቶን ላይ እንደገና ትነዳለች። አሞርዛተር ተቀይሮ ያልጠፋ ድምፅ፣ መጨረሻ ላይ ከመቀመጫ ሥር የተረሳ መፍቻ ሆኖ የተገኘበት ጋራዥ ብዙ ነው።

ቀጥሎ ጥሩ መካኒክ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ።

«ኋላዬ ታንኳኳለች» ይላል ሾፌሩ።

«መቼ ነው ወንድሜ?»

«ሁልጊዜ።»

«ሁልጊዜ የሚባል የለም። ፍሬን ስትይዝ ነው? ስትዞር ነው? ሰው ሲወርድልህ ነው?»

ድምፅ በብረት ውስጥ ይጓዛል፤ ከፊት ተነስቶ ከኋላ ሊሰማ ይችላል፤ ስለዚህ ጆሮ ቦታውን ይስታል። የሚሰማበትን ጊዜ ግን አይስትም። ፍሬን ሲያዝ አንድ ጊዜ ኳ፣ ሲለቀቅ ደግሞ አንድ ጊዜ ኳ ካለ ጥርጣሬው ከፊት ነው፤ ወይ የክንዱ ፒን፣ ወይ ያቺ አጭር ማያያዣ፣ ወይ የመሪው ኩሽኔታ። የመጀመሪያ ማርሽ ገብቶ ሊነሳ ሲል ብቻ የሚያንኳኳ ከሆነ ሞላና አሞርዛተሩ ንጹሕ ናቸው፤ ሴሚያስና የሞተር ማሰሪያ ጎሚኒ ይታዩ። ቀስ ብላ ጉድጓድ ስትገባ ሲጥ ሲጥ የምትል ከሆነ የደረቀ ጎሚኒ ነው። ትናንሽ ድንጋይ ላይ ቶሎ ቶሎ የሚያንኳኳ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የአሞርዛተሩ የላይ ወይም የታች ማሰሪያ ጎሚኒ ያለቀበት ነው። ፍጥነት ሲጨምር አብሮ የሚጨምርና በመታጠፊያ ላይ የሚቀያየር ጉርምርምታ የጎማ ኩሽኔታ ነው።

ጥርጣሬው በእጅ ይረጋገጣል። የመሪውን ኩሽኔታ ለመፈተሽ ፍሬን ተይዞ ባጃጇ ወደፊትና ወደኋላ ትገፋለች፤ ረዳት እጁን የመሪው አምድ ሥር ካስቀመጠ ክፍተቱን በጣቱ ያገኘዋል። ከዚያ ፊቷ በክሪክ ተነስቶ እጀታው ቀስ እየተባለ ይዞራል። መሃል ላይ ሲደርስ ቅንጥስ ብሎ የሚይዝ ከሆነ የኩሽኔታው መንከባለያ በኳሶቹ ጎድጉዷል ማለት ነው፤ ማጥበቅ አያድነውም፣ ይቀየራል። አሞርዛተር ለመፈተሽ የኋላው ጥግ በሙሉ ክብደት ተጭኖ ይለቀቃል። አንዴ ተነስታ ከቆመች ደህና ናት፤ ደግማ ደጋግማ ከነጠረች፣ ወይም በአሞርዛተሩ አካል ላይ አቧራ የያዘ የዘይት ላብ ካለ ሥራው አልቋል። የኋላ ክንድ ደግሞ ከማሰሪያው አጠገብ በረጅም ብረት ቀስ ብሎ ይፈነቀላል፤ ክፍተት ካለ ያሳብቃል።

ለሲጥታ ከሁሉም የረከሰው መመርመሪያ ውሃ ነው። የተጠረጠረው ጎሚኒ ላይ ትንሽ ውሃ ይፈስስና ባጃጇ ትነቀነቃለች። ድምፁ ለጥቂት ደቂቃ ከጠፋ ጥፋተኛው ተይዟል። የሞተር ዘይት ማፍሰስ ግን ጥፋት ነው፤ ለጊዜው ዝም ያሰኛል፣ የተፈጥሮ ጎማን ግን ያሳብጠዋል፣ ያላሽቀዋል፤ ከሳምንታት በኋላ ሲጥታው ኳኳታ ሆኖ ይመለሳል።

ጥገናው ከርካሹ ወደ ውዱ ይሄዳል፤ መጀመሪያ ዳዶና ቡሎን ማጥበቅ፣ ቀጥሎ ጎሚኒ፣ ከዚያ ፒንና ኩሽኔታ፣ መጨረሻ አሞርዛተር። የኋላ አሞርዛተር ሲቀየር ግራና ቀኙ አብረው ይቀየራሉ፤ አንዱ አዲስ ሌላው አሮጌ ከሆነ በመታጠፊያ ላይ ሚዛኗ ይዛባል። ጎሚኒ ጠፍቶ ከአሮጌ ጎማ ተቆርጦ የሚገባበት ጊዜ አለ። ለቀናት ያደርሳል፤ ነገር ግን የተሽከርካሪ ጎማ ውስጡ ክር ስላለው እንደ ትክክለኛው ጎሚኒ አይለጠጥም፣ ምቱን ወደ ብረቱ ያሳልፈዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚሰነጠቀው የማሰሪያው ብየዳ ነው።

ብዙ ሥራ የሚበላሸው በመጨረሻዋ ማጥበቂያ ላይ ነው። መሃሉ የብረት ቱቦ ያለው ጎሚኒ የሚሠራው እየተጠማዘዘ ነው። ባጃጇ በክሪክ ተነስታ ጎማዋ እንደተንጠለጠለ ቡሎኑ ከጠበቀ፣ መሬት ስትወርድ ጎሚኒው ገና ከመነሻው ተጠምዝዞ ይቀመጣል። አዲስ የተገዛው ዕቃ ብዙም ሳይቆይ ሲቀደድ ጥፋቱ በሻጩ ይላከካል። ቡሎኑ በእጅ ይያዝ፣ ባጃጇ መሬት ትውረድ፣ ጎማዋ ላይ ትቁም፤ ከዚያ ይጥበቅ።

ሆሳዕና ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ክረምቷ ረጅም ነው። ጭቃው በክንዶቹ ፒኖች ውስጥ ገብቶ በበጋ ሲደርቅ እንደ ሞረድ ይበላል። ከክረምት ማብቂያ በኋላ ከሥር በደንብ ማጠብና የግሪስ ቀዳዳ ያላቸውን ፒኖች አሮጌው ግሪስ ተገፍቶ እስኪወጣ መሙላት ከብዙ ወጪ ያድናል። የጎማ ንፋስም በየጊዜው ይለካ፤ ከልክ በላይ የተነፋ ትንሽ ጎማ እያንዳንዷን ድንጋይ ወደ ሞላው ያደርሳል።

ሲጥታ ሳምንት ቢቆይ የሚያመጣው ጉዳት ትንሽ ነው፤ የአሞርዛተር ጎሚኒም ወር እስኪሞላ ሊታገስ ይችላል። ፍሬን ሲያዝ ከመሪው የሚመጣ ኳኳታ፣ የጎማ ኩሽኔታ ጉርምርምታና ከክንድ ብየዳ አጠገብ የታየ ስንጥቅ ግን ቀጠሮ አይሰጣቸውም። የፊት ጎማዋ አንድ ብቻ ነው፤ እሱን የያዘው ክንድም አንድ ነው፤ ቢከዳ የሚተካው የለም። ከሦስቱ አንዱ ከተገኘ ተሳፋሪው ይውረድ፣ የዕለቱ ገቢም ይቅር።