መስማት የተሳነው መምህር እና 32ቱ ትምህርት ቤቶች

"ደንቆሮ" የሚለውን ቃል እስቲ አንዴ አስቡት። በአማርኛ ጆሮው የማይሰማ ሰው ይጠራበታል፣ ነገር ያልገባው ሰውም ይሰደብበታል። አንድ ቃል ነው። መስማት የተሳነው ልጅ ክፍል ሳይገባ "ይሄ አይገባውም" ተብሎ ተፈርዶበታል ማለት ነው። ደግሞ የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ የእንግሊዝኛው "ደም" የሚለው ቃልም መናገር የማይችለውንና ቂሉን አንድ ላይ ይጠራል።

ዛሬ የምንነግራችሁ ይህን ፍርድ ለመሻር አፍሪካን ሲዞር ዕድሜውን ስለጨረሰ መምህር ነው። አንድሪው ፎስተር ይባላል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።)

በ1925 አሜሪካ፣ አላባማ ውስጥ ከከሰል ማዕድን ሠራተኛ አባት ተወለደ። 11 ዓመቱ ላይ በማጅራት ገትር ምክንያት እሱም ወንድሙም መስማት አቆሙ። ያኔ ትምህርት ቤት በቆዳ ቀለም የተከፋፈለበት ዘመን ነው። መስማት ለተሳናቸው ጥቁር ልጆች የነበረው ትምህርት ደግሞ ከ6ኛ ክፍል አያልፍም። ፎስተር ወደ ሚሺጋን ሄዶ ፋብሪካ እየሠራ ሁለተኛ ደረጃን በተልእኮ ጨረሰ። እዚያው ነው ክርስትናን ከልቡ የያዘው። በ1954 ዋሽንግተን ካለው ጋላውዴት ተመረቀ። ጋላውዴት መስማት ለተሳናቸው ተብሎ የተቋቋመ፣ ከ1864 ጀምሮ ዲግሪ የመስጠት ሥልጣን ያለው ተቋም ነው። ከእሱ በፊት ግን አንድም ጥቁር በመጀመሪያ ዲግሪ ተመርቆበት አያውቅም። 90 ዓመት ሙሉ!

በ1957፣ ጋና ነፃ በወጣችበት ዓመት፣ አክራ ገባ። ሕንፃ የለውም። መደበኛ ተማሪዎች ወደ ቤት ሲሄዱ ክፍላቸውን እየተዋሰ ማስተማር ጀመረ። ልጆችም አዋቂዎችም መጡ።

ለምን ይህን ያህል ያስፈልግ ነበር? መስማት የተሳናቸው ልጆች አብዛኞቹ የሚወለዱት ከሚሰሙ ወላጆች ነው። ቤት ውስጥ የምልክት ቋንቋ የሚያውቅ የለም። ልጁ ውኃ ሲፈልግ ውኃውን ይጠቁማል፣ እሺ። "ትናንት ፈርቼ ነበር"ን ግን በምን ይጠቁመዋል? ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ከፊደል በፊት የሚሰጠው ትልቁ ነገር እርስ በርስ መገናኘትን ነው። እንደኔ ያለ ሰው አለ፣ እኔም የማወራው ነገር አለ።

በዚያ ላይ በ1880 ሚላን የተሰበሰቡ አስተማሪዎች የምልክት ቋንቋ ከክፍል ይውጣ ብለው ወስነው ነበር። ከዚያ በኋላ በብዙ አገር ልጆች ከንፈር እያነበቡ በግድ እንዲናገሩ ይደረግ ነበር። ፎስተር በእጁ አስተማረ። ሚሲዮናዊነቱንም አልደበቀም፤ መጽሐፍ ቅዱሱም ጸሎቱም በእጅ ነበር።

አሠራሩ ቀላል ይመስላል፣ ግን አድካሚ ነው። ከተማ ይገባል፣ ባለሥልጣን ያሳምናል፣ ቤት የተቀመጡ ልጆችን ፈልጎ ያወጣል፣ ትምህርት ቤት ይከፍታል፣ ከራሳቸው መምህር ያፈራል፣ ወደ ሌላ አገር ይሻገራል። መሃል ላይ አሜሪካ ተመልሶ ለዚሁ ሥራ ገንዘብ ይለምናል። እንዲህ እያለ በ13 የአፍሪካ አገሮች 32 ትምህርት ቤቶች ቆሙ።

ትችትም አለበት፣ እንዳናልፈው። ይዞ የመጣው የአሜሪካን ምልክት ቋንቋ ነው፤ የዛሬው የጋና ምልክት ቋንቋ የተወለደውም ከእሱ ነው። ከአክራ ብዙም በማትርቀው አዳሞሮቤ መንደር ግን ከፎስተር በፊት የነበረ የራሳቸው ምልክት ቋንቋ አለ። የመንደሯ ልጆች ማምፖንግ አዳሪ ትምህርት ቤት መግባት ሲጀምሩ ያኛው እየተዳከመ መጣ። ለእኛ ይሄ ቀላል ኪሳራ አይደለም። ቢሆንም ያ ሰው ባይመጣ ማምፖንግ ላይ ትምህርት ቤት መቼ ይከፈት እንደነበር ማን ያውቃል?

ታኅሣሥ 3 ቀን 1987 ፎስተር የተሳፈረባት ትንሽ አውሮፕላን ሩዋንዳ ውስጥ ተከሰከሰች። 62 ዓመቱ ነበር። ሥራውን ባለቤቱ በርታ፣ እሷም መስማት የተሳናት ጀርመናዊት፣ ቀጠለችበት።