መድሃኒቱን የሠራው ሰው ይጾማል ወይ?

ተናድጄ ነው የምጽፈው፤ ፊደል ብገድፍ እለፉኝ።

አንድ የቲክቶክ ቪዲዮ ሰሞኑን መቐለ ውስጥ ከስልክ ወደ ስልክ እየዞረ ነው። ነጭ ጋውን የለበሰ፣ አንገቱ ላይ ስቴቶስኮፕ የጣለ ሰው "ሳይንቲስቶች በፈጣሪ አያምኑም፤ እኔ ግን ሐኪምም አማኝም ስለሆንኩ እውነቱን ልንገራችሁ" ብሎ ይጀምራል። ከዚያ የቲቢ መድሃኒት ደም ያፈሳል ይላል። ማስረጃው ቀይ ሽንት ነው። እሱ በአማርኛ ስለተናገረ እኔም በአማርኛ ልመልስ።

ዝም ብዬ ላልፈው ነበር። ግን መድሃኒቷን ያቋረጠች ወጣት እናቷ ይዘዋት የምሠራበት መድሃኒት ቤት መስኮት ላይ መጡ። ልጅቷ ቀና ብላ አታይም። እናትየው ክኒኑን በእጃቸው አገላብጠው አዩና "ወደይ፣ ይሄን የሠራው ሰው ይጾማል?" አሉኝ። ነገር ፍለጋ አልነበረም፤ ከልባቸው ነው የጠየቁት።

እንግዲህ በቅደም ተከተል፦

1. ሽንቱ። ከቲቢ መድሃኒቶቹ አንዱ ሪፋምፒሲን ራሱ ቀይ ነው። ከሰውነት ሲወጣ ሽንትን፣ ላብን፣ እንባን ሳይቀር ብርቱካናማ ወይም ቀይ ያደርጋል። ደም አይደለም። ዓይን ቢጫ ከሆነ ግን ያ ሌላ ነገር ነው፤ በዚያው ቀን ኑ።

2. "ሳይንቲስቶች አያምኑም"። የትኞቹ? ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2009 የአሜሪካ ሳይንቲስቶችን ጠይቆ ነበር። 33 በመቶው በእግዚአብሔር፣ 18 በመቶው በሆነ የበላይ ኃይል እናምናለን አሉ፤ በሁለቱም አናምንም ያሉት 41 በመቶ ናቸው። ከአገሩ ሕዝብ ጋር ሲተያይ አማኙ በጣም ያነሰ ነው፤ "ሁሉም ከሃዲ ናቸው" ግን ውሸት ነው። ኢሌን ኤክሉንድ የምትባል የሶሲዮሎጂ ምሁርም ከባልደረቦቿ ጋር በስምንት አገሮችና ግዛቶች ያሉ ሳይንቲስቶችን አጥንታለች፤ ሕንድ፣ ቱርክ፣ ጣሊያን፣ ታይዋን አሉበት። አንድም የአፍሪካ አገር የለበትም። ስለዚህ ባለ ጋውኑ "ሳይንቲስቶች" ሲል ስለ እኛ እያወራ አይደለም። የእኛን ማወቅ የፈለገ ዓርብ በምሳ ሰዓት የትኛውም ጤና ተቋም ካፌ ገብቶ ምን እንደሚበላ ይይ።

3. የሠራው ሰው። የሪፋምፒሲን መነሻ የሆነው ንጥረ ነገር እ.ኤ.አ. በ1957 ከደቡብ ፈረንሳይ ከመጣ አፈር ውስጥ፣ ከአንድ ባክቴሪያ ነው የተገኘው፤ ሚላን ባለ የመድሃኒት ኩባንያ ላብራቶሪ። ባክቴሪያው ክርስትና አልተነሳም። የሚሠራው የቲቢ ባክቴሪያ ጂኑን የሚያነብበትን ኢንዛይም አንቆ ስለሚይዝ ነው፤ ያገኘው ሰው ቢጾምም ቢበላም አንቆ ይይዛል።

ለእናትየው ግን ይህን ሁሉ አልዘበዘብኩም። "አደይ፣ ሽንቷ እንደሚቀላ መድሃኒቱን ሲጀምሩ የነገራችሁ ሰው ነበር?" አልኳቸው። ማንም አልነገራቸውም! አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። እኛ ያልነገርናቸውን ባለ ጋውኑ በራሱ መንገድ ነገራቸው።

4. (ቁጥሩን ልተወው መሰለኝ።)

ቪዲዮው ውስጥ ከውሸቱ ይልቅ የሚያቃጥለኝ "አማኝ ስለሆንኩ እመኑኝ" የሚለው ነው። እኔም ማዕተብ አለኝ። ማዕተቤን አይቶ የሚያምነኝ ሰው ነገ ማዕተብ ያሰረ አጭበርባሪንም ያምናል። ቤተሰብ ውስጥ "ያኛው ሐኪም ጸሎተኛ ነው፣ እሱ ጋ ሂዱ" ሲባል እሰማለሁ። ጸሎተኛ መሆኑ መልካም። የመጠን ስሌቱን የሚፈትሽለት ሰው አለ ወይ? ጥያቄው እሱ ነው። የእኛ ሥራ የሚታመነው ሌላ ሰው ደግሞ ሊፈትሸው ስለሚችል ነው። እኔ ያዘጋጀሁትን ባልደረባዬ ታያለች፤ እሷ ሙስሊም ናት፣ ስህተቴን ስታገኝ ሃይማኖቴን ጠይቃ አታውቅም።

ዦርዥ ለሜትር የካቶሊክ ቄስ ነበር፤ አጽናፈ ዓለም እየሰፋ ነው፣ ከአንዲት ቅንጣት ተነሣ ያለው እሱ ነው። ሐሳቡ ግን በቅስናው አልታመነም፤ ጋላክሲዎቹ ሲለኩ እየተራራቁ ስለተገኙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 ፖፕ ፒየስ 12ኛ ነገሩን ለፍጥረት ማረጋገጫ አድርገው ሲያነሱት ደስ ያላለው ራሱ ቄሱ ነው። የእኛው ባለ ጋውን ግን ለቅስናም ለሳይንስም ሳይበቃ ሁለቱንም ይሸጣል።

ጠበልን ለምትሰድቡ ወዳጆቼም አንድ ነገር ልበል፤ እናንተም አላገዛችሁንም። የዓድዋ ተወላጁ የቀድሞው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤችአይቪ መድሃኒትና ጠበል አይጣሉም፣ ሁለቱንም ውሰዱ ብለው በይፋ ተናግረዋል። ያን ንግግር በየጠበሉ ቦታ በትግርኛ አትሞ መለጠፍ ስንት ያስወጣ ነበር? የለጠፈ መሥሪያ ቤት አላየሁም። ያየሁት በሆቴል አዳራሽ "የጤና ተግባቦት" ሥልጠና ነው፤ አበል አለው፣ ስላይዱ እንግሊዝኛ ነው፣ አንድም ካህን ወይም ሼክ አልተጠራም። ስለዚህ ቪዲዮ ለአለቆች ስናመለክት ደግሞ "በደብዳቤ አቅርቡ" ተባልን። ደብዳቤው ማኅተም እስኪያገኝ ቪዲዮው ማይጨው ይደርሳል።

ደግሞም ወደ ጠበል ሄደ ብላችሁ ሕዝቡን አትውቀሱ። ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2020 አጋማሽ እስከ መጋቢት 2021 መጀመሪያ ትግራይ ውስጥ 106 ጤና ተቋማትን አይቶ እንደወትሮው የሚሠሩት 13 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ተናግሯል። 70 በመቶ ያህሉ በጦርነቱ ተዘርፈው ነበር። በዚያ ጊዜ መስኮት ላይ የቆምን ሰዎች ለታካሚ የምንለው ቃል "የለም" ነበር። ጠበሉ "አልቋል" ብሎ አያውቅም። ሰው ወደማይዘጋ በር ቢሄድ ሳይንስን ካደ አይባልም። እምነቱ ወደ እኛ የሚመለሰው መድሃኒቱ መደርደሪያ ላይ ሲገኝና የሚያስረዳው ሰው ሲኖር ነው።

እንግዲህ ለሚጾሙና ጠበል ለሚጠመቁ ታካሚዎች። ሪፋምፒሲን በባዶ ሆድ ቢወሰድ ይሻለዋል፤ ጾመኛ ሆድ አይጎዳውም። የሚያሳስባችሁ ክኒኑን የምታወራርዱበት ውሃ ከሆነ ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ፤ ለታመመ ሰው ጾም እንደሚቀልለት ያውቃሉ። ሙስሊም ከሆናችሁ ቁርኣኑ ራሱ በረመዳን ለታመመ ፈቅዷል። ጠበል ብዙ ጠጥታችሁ የምታስመልሱ ከሆነ ግን ክኒኑን ከዚያ ጋር አታገናኙት፤ አብሮ ይወጣል። ሰዓቱን እኛ ጋ መጥታችሁ እናስተካክለው።

ያቋረጠ ሰው በራሱ እንዳይጀምር፣ የዘለለውንም ለማካካስ እጥፍ እንዳይውጥ። ካርዱንና የቀሩትን ክኒኖች ከነማሸጊያቸው ይዞ ይምጣ፤ ስንት እንደወሰደ ቆጥረን ነው ከየት እንደሚቀጥል የሚወሰነው።